ጉድጓዱ ደረቀ ወይስ ግድግዳ ነካ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮምቦልቻ ዳር፣ ተራራው ግርጌ፣ ለማኅበራችን የውሃ ጉድጓድ አስቆፈርን። ጥልቀቱ 96 ሜትር ነው። ፓምፕ ሳይነሳ ውሃው 14 ሜትር ላይ ይቆማል። ፓምፑ 54 ሜትር ላይ ተሰቅሏል። በሰከንድ 10 ሊትር እየሳብን ለ24 ሰዓት ሞከርነው። በ20ኛው ደቂቃ ውሃው 7.95 ሜትር ወርዶ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የወረደው 10.8 ሜትር ደረሰ። በሴሚሎግ ወረቀት ላይ (ጊዜው በአሥር እጥፍ እየሄደ በሚሰፍርበት) ሳሰፍረው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ገደማ ቀጥ ያለ መስመር ነበር፤ ከዚያ ወደ ታች ታጠፈ። ቆፋሪው ‹ውሃው እያለቀ ነው፣ ሌላ ቦታ እንቆፍር› ይላል። እኔ ደግሞ ኢንጂነሪንግ ስማር ስለ ነዳጅ ጉድጓድ ሙከራ ትንሽ አንብቤያለሁ። እዚያ ግፊቱ ድንበር ሲነካ መስመሩ ይታጠፋል ይባላል። ለውሃም ይሠራል? ጉድጓዱን እንተወው?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ከላክሽው ቁጥር እንደማየው ጉድጓዱ አልደረቀም። ያነበብሽውም ልክ ነው፤ ለነዳጅ የሚሠራው ሒሳብ ለውሃም ይሠራል። ሌላ ቦታ ለመቆፈር ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀራችኋል። እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ መስመሩ ለምን እንደታጠፈ እንይ፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ከቆፋሪው ጋር በልበ ሙሉነት ትነጋገሪያለሽ።

ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ የቆመው ውሃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለ መሬቱ ብዙ አይናገሩም። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያለው አሸዋና አለት ውስጥ ግፊት ይቀንሳል። ይህ ቅናሽ ኩሬ ላይ ድንጋይ ስትወረውሪ እንደሚሰፋው ክብ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ክቡ በሰፋ ቁጥር ውሃ የሚያዋጣው መሬት ይበዛል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ አወራረዱ እየዘገየ ይመጣል። የሚዘገየው ግን በሥርዓት ነው። ጊዜው አሥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ውሃው እኩል ይወርዳል። ከ2 እስከ 20 ደቂቃ ስንት ከወረደ፣ ከ20 እስከ 200 ደቂቃም ያንኑ ያህል ይወርዳል። በሴሚሎግ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያየሽው ለዚህ ነው። በአንቺ ጉድጓድ ይህ ልክ 1.05 ሜትር ነው።

አሁን ወደ እጥፋቱ እንምጣ። በአንድ በኩል ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ አለ እንበል። ክቡ እየሰፋ ሄዶ ግድግዳውን ሲነካ በዚያ በኩል ከዚህ በላይ መሄጃ የለውም። ደቦ ስትጠሪ አስቢው። ከአራቱም አቅጣጫ ሰው ይመጣልሻል ብለሽ ነበር፤ በአንድ በኩል ግን ገደል ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው የለም። እርሻው ያው እርሻ ነው። የቀሩት ሰዎች እጥፍ መሥራት አለባቸው። ጉድጓዱም እንደዚያው ነው። ፓምፑ በሰከንድ 10 ሊትር መጠየቁን አላቆመም፤ ውሃ የሚያዋጣው ግን ግማሽ ክብ ብቻ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ እጥፍ ያዘቀዝቃል። አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ካለ ሁለት እጥፍ፣ ሁለት ግድግዳዎች በቀጤ ነክ ማዕዘን ከተገናኙና ጉድጓዱ እዚያ ጥግ ውስጥ ካለ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሒሳቡን የሚሠሩት ሰዎች ይህንን በሚያምር ዘዴ ነው የያዙት። ግድግዳውን መስታወት ያደርጉታል። ከግድግዳው ማዶ፣ በእኩል ርቀት፣ በእኩል መጠን የሚስብ ሌላ ጉድጓድ እንዳለ ይቆጥራሉ። ሁለቱ እኩል ስለሚጎትቱ መሃል ላይ ያለው መስመር ላይ ውሃ ወዲህም ወዲያም አያልፍም፤ ማለትም ልክ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ የሁለቱን ጉድጓዶች ቅናሽ መደመር ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው አንድ ነገር ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ለጉድጓድሽ ግድግዳ ማለት ማዶ ላይ የሚስብ ጎረቤት ማለት ነው። ይህን ያዢልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቁጥርሽን እንሥራው። በሰከንድ 10 ሊትር በቀን 864 ሜትር ኩብ ነው። 864ን በቀመሩ ቋሚ ቁጥር፣ በ0.183፣ አባዝተሽ ለ1.05 ስታካፍዪው በቀን 150 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ውሃ አዘሉ መሬት ውሃ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ለአንድ ማኅበር ጥሩ ቁጥር ነው። ይህን የምታሰይው ከመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ከታጠፈው መስመር ብታሰዪው ግማሹን ያሳይሽና ጥሩውን መሬት ደካማ ያስመስለዋል። ብዙ ሪፖርት ላይ የማየው ስህተት ይህ ነው።

ሁለቱን መስመሮች በማስመሪያ ስታራዝሚያቸው 200 ደቂቃ ላይ፣ 9 ሜትር ገደማ ላይ ይገናኛሉ። እጥፋቱ ሹል ስላልሆነ አትደናገሪ፤ ሁልጊዜም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ከዚህ መገናኛ ጊዜ የግድግዳውን ርቀት ማስላት ይቻላል። የማስተላለፍ አቅሙን በጊዜው (ወደ ቀን ለውጠሽ) ታባዢያለሽ፣ ለመሬቱ የመያዝ አቅም፣ ማለትም ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ለሚለቀው ሜትር ኩብ ውሃ፣ ታካፍያለሽ፣ ካሬ ሥሩን ታወጫለሽ፣ ከዚያ በ0.75 ታባዣለሽ። የመያዝ አቅሙ 0.001 ከሆነ ግድግዳው 108 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 0.0001 ከሆነ ግን 340 ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመያዝ አቅሙን ደግሞ ከሚሳብበት ጉድጓድ ብቻ በትክክል ማወቅ አይቻልም፤ አጠገቡ ሌላ የሚለካበት ጉድጓድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ በእርግጠኝነት የምነግርሽ በቅርብ፣ በመቶዎች ሜትር ውስጥ፣ አንድ የሚከለክል ነገር እንዳለ የሚያሳይ ምልክት መኖሩን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አስምሪበት። አንዳንድ ሰው «ፓምፑን ጠንከር አድርገን እንሳብ፣ ድንበሩ ቶሎ ይታያል» ይላል። አይታይም። ክቡ የሚሰፋው በጊዜ ነው። ጠንክረሽ ብትስቢ ውሃው ብዙ ይወርዳል እንጂ ዜናው ወደ ግድግዳው ፈጥኖ አይደርስም። እጥፍ ርቀት ላይ ያለን ግድግዳ ለማየት አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። በአንቺ ቁጥር፣ የመያዝ አቅሙ 0.001 ከሆነ፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ እንዲሰማሽ 47 ቀን ገደማ መሳብ አለብሽ። ስለዚህ የ24 ሰዓት ሙከራ የሚያየው ቅርቡን ብቻ ነው። ሙከራው «ድንበር የለም» ካለ እንኳ «እስከዚህ ርቀት የለም» ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንመለስ። መስመር ያጠፈ ሁሉ ግድግዳ አይደለም። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ሙከራ ይዘን አደርን። ጀነሬተሩ ያጉረመርማል፤ ብርዱ ከሐረጎ ተራራ በኩል ይወርዳል። በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው የውሃውን ጥልቀት የምንለካበትን የዲፕ ሜትር ገመድ ይዤ፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ «ጢጥ» ሲል ሴንቲሜትሩን አነብባለሁ፤ ጓደኛዬ ደብተር ላይ ይጽፋል። ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ መስመሩ ታጠፈ። ደስ አለኝ፤ ግድግዳ አገኘሁ ብዬ ርቀቱን አስልቼ ሪፖርት ውስጥ አስገባሁ። ሳምንት ቆይቶ ነው ነገሩ የተገለጠው። 300 ሜትር ያህል ርቆ ያለ አንድ ድርጅት የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ጠዋት 12 ሰዓት ፓምፑን ያስነሳል። እኔ የለካሁት ግድግዳ የእነሱ ፓምፕ ነበር። ሒሳቡ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ለሒሳቡ አንድ ናቸው። የሚለየው ሰው ነው፣ ዞር ብሎ ጎረቤት ጠይቆ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ በሙከራው ቀን በዙሪያችሁ የሳበ ጉድጓድ ነበር? ስንት ሰዓት ላይ? ሁለተኛ፣ የምትስቡት መጠን እስከ መጨረሻ እኩል ነበር? ይህ በ200 ሊትር በርሜልና በስልክ ሰዓት ይታወቃል። በሰከንድ 10 ሊትር ከሆነ በርሜሉ በ20 ሰከንድ ይሞላል። በ18 ሰከንድ ከሞላ 11 ሊትር ደርሷል ማለት ነው፤ ይህ ብቻ ውሃውን አንድ ሜትር ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ጀነሬተር ነዳጅ ሲቀየርለት ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ይህ ይፈጠራል። ሦስተኛ፣ የወጣውን ውሃ የት ነበር የምትደፉት? እዚያው አጠገብ ከሆነ ተመልሶ ይሰርግና መስመሩን ያቃናዋል። ያኔ ግድግዳ ኖሮ እንኳ ላይታይሽ ይችላል።

ነዳጅ ፈላጊዎቹ ይህን መጠን የመጠበቅ ጣጣ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። መፍትሔያቸውም ቀላል ነው። ጉድጓዱን ለተወሰነ ጊዜ ያስፈሱትና ይዘጉታል። ከዚያ ግፊቱ ሲመለስ ይለካሉ። የተዘጋ ጉድጓድ የሚያወጣው ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ አይለዋወጥም። የነዳጅ ጉድጓድ ባለሙያው ሆርነር እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው ሥራው ይህን የመመለስ መስመር እንዴት እንደሚያነብቡት አሳየ። በአንድ በኩል የሚዘጋ ስብራት (አለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት ቦታ) ካለ የመመለሻው መስመርም እጥፍ እንደሚያዘቀዝቅ እዚያው አለ። ውሃ ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪው ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 ሒሳቡን ሲያመጣ ከሙቀት ፍሰት ነበር የተዋሰው። ብረት ውስጥ ሙቀት እንደሚሄድ አለት ውስጥም ግፊት ይሄዳል። ሁለቱ ሙያዎች ተለያይተው ቢያድጉም ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የነዳጅ ጉድጓድ ሙከራ ባለሙያዎቹ እነ ቡርዴ አዲስ አሠራር አመጡ። ግፊቱን ብቻ ከማየት የግፊቱን የለውጥ ፍጥነት አብረው ያሰፍራሉ። ያኔ ዓይን የማይለየው እጥፋት ቁልጭ ይላል። ድንበር የሌለው መሬት ጠፍጣፋ መስመር ይሰጣል። አንድ ግድግዳ ሲነካ መስመሩ ወጣ ይልና እጥፍ ከፍታ ላይ እንደገና ይተኛል። ትይዩ የሆኑ ሁለት ግድግዳዎች መሃል ከሆነ፣ ማለትም ቦይ ውስጥ ከሆነ፣ ሳይተኛ እየወጣ ይሄዳል። ከታች ብዙ ውሃ ወይም ከላይ የጋዝ ክምችት ግፊቱን የሚደግፍ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ይወድቃል። በሺዎች ሜትር ጥልቀት የሚሰቀሉት የኳርትዝ ግፊት መለኪያዎች 0.01 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ድረስ ይለያሉ፤ በውሃ ከፍታ ሲመነዘር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እነሱ ለዚህ ይህን ያህል የሚጨነቁት ድንበሩ የክምችቱን መጠን ስለሚነግራቸው ነው። በእኛው አገር ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ ላይ ጋዝ አለ ሲባል፣ ከ«አለ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚለው ነው። ለዚያ መልስ ከሚሰጡት መንገዶች አንዱ ይህ ሙከራ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ድንበር ዙሪያውን የተዘጋው ነው። ያኔ መስመሩ በሴሚሎግ ላይ መቃናቱን ይተውና በተራ ወረቀት ላይ ቀጥ ይላል። ማለትም በየቀኑ እኩል እኩል ይወርዳል፣ እንደ በርሜል። ከአወራረዱም የበርሜሉን ስፋት ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ በቀን 864 ሜትር ኩብ እየሳብሽ በየቀኑ 2 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ መሬቱ ከመጠኑ 10 በመቶ ውሃ የሚለቅ ቢሆን፣ ስፋቱ 43 ሄክታር ገደማ ነው። በዝናብ የማይተካ ከሆነ ቆፋሪው «ያልቃል» ያለው እውነት የሚሆነው እዚህ ነው። የአንቺ መስመር ግን ይህንን አያሳይም። በሴሚሎግ ላይ ከታጠፈ በኋላም ቀጥ ብሎ ነው የሄደው።

ቦታውን ሳስበው ግድግዳ መገኘቱ አይገርመኝም። ከደሴ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትያለሽ። ይህ ሁሉ ቁልቁለት መሬቱ በስብራቶች እየተሰበረ ወደ አፋር በኩል የወረደበት ነው። ሜዳው በስብራቶች መካከል የሰመጠ ቦታ ነው፤ የቦርከና ወንዝና ገባሮቹ ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ሞልተውታል። ዳሩ ላይ ያለው ተራራ ባዛልት ነው። እናንተ ተራራው ግርጌ ነው የቆፈራችሁት። ስለዚህ ውሃ የያዘው ጠጠር በአንድ በኩል ባዛልቱ ላይ ያቆማል ብዬ ብገምት ሩቅ አልሄድኩም። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስብራት ሁሉ አይዘጋም። አለቱ የተፈረካከሰበት ስብራት ጥሩ ውሃ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ መስመሩ የሚታጠፈው ወደ ላይ ነው።

በተቃራኒው በኩል ወንዙ አለ። ወንዝ ከመሬቱ ውሃ ጋር በደንብ ከተገናኘ ክቡ ሲደርስበት ውሃው መውረዱን ያቆማል። ሰው ይህን ሲያይ ይደሰታል። እኔ ግን ቦርከና ዳር እንዲህ ያለ መስመር ካየሁ መጀመሪያ የምለው «ውሃውን ላቦራቶሪ ውሰዱ» ነው። ወንዙ በደሴም በኮምቦልቻም አልፎ የሚመጣ ነው። ወንዙ ጉድጓዱን የሚመግብ ከሆነ ውስጡ ያለው ነገርም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ይህ ለሕፃናት የሚጠጣ ውሃ ስለሆነ ችላ አይባልም።

አሁን «እንተወው?» ላልሽው። በታጠፈው መስመር እንሂድና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ክረምቱ፣ 240 ቀን ሳታቋርጡ ሳባችሁ እንበል። ከ200 ደቂቃ እስከ 240 ቀን ጊዜው አሥር እጥፍ የሚሆነው 3.24 ጊዜ ነው። በየአንዳንዱ 2.1 ሜትር ይወርዳል። ተጨማሪው 6.8 ሜትር ነው፤ ከ9 ጋር 15.8 ሜትር ይሆናል። ሌላ ግድግዳ ወዲያው ተጨምሮ አራት እጥፍ ቢያዘቀዝቅ እንኳ 22.6 ሜትር ነው። ከ14 ሜትር እስከ ፓምፑ ድረስ ያላችሁ 40 ሜትር ነው። ከፓምፑ በላይ 10 ሜትር ለጥንቃቄ ብትተዉ 30 ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሙከራ ብቻ ተመሥርቶ ይህን ጉድጓድ የሚተው ሰው ገንዘባችሁን ሜዳ ላይ መጣሉ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይዞ «12.4 ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው፣ ተጨማሪ ስቡ» የሚልም ካለ እሱም ልክ አይደለም።

የቀረው ሥራ ይኸውልሽ። ደብተርሽ ላይ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ያለው ልኬት የለም። ምናልባት ፓምፑ እንደቆመ ሁሉም ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ሙከራውን ድገሙት፤ ከተቻለ ለ72 ሰዓት። ጎረቤት ጉድጓድ ካለ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ወይ ይቁም፣ ወይ ሳያቋርጥ ይሳብ። ውሃውን በቱቦ አርቃችሁ ድፉ። በርሜሉን በየሰዓቱ ሙሉ። ፓምፑ ሲቆም ግን አትነሱ። መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ከዚያ በየአምስት፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ፤ የሳባችሁትን ያህል ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ፓምፑ ከተነሳ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ከቆመ በኋላ ላለፈው ጊዜ አካፍዪና በሴሚሎግ ላይ አስፍሪው። ግድግዳው እውነተኛ ከሆነ ይህ መስመርም፣ ፓምፑ ከቆመ 200 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ይታጠፋል። ፓምፑ ቆሟልና በፓምፕ ማሳበብ አይቻልም። ካልታጠፈ እጥፋቱ ከጀነሬተሩ ወይም ከጎረቤት ነበር። ውሃው ደግሞ ብዙ ቆይቶም ወደ 14 ሜትር አልመለስ ካለ ያኔ ዙሪያውን ስለተዘጋው መሬት እንነጋገራለን።

ቁጥሮቹን ላኪልኝ፤ አብረን እናነብባቸዋለን።